ቦርሳ አዝሎ በቡድን ዛንዚባር፦ ማን ማንን ይጠብቃል?

ክሩን፣ ማለትም የኢንተርኔት ውይይቱን፣ የከፈተችው አዲስ አበባ ባንክ ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። ለፋሲካ ሰሞን ዛንዚባር ለመሄድ አስባለች። አሥራ ሁለት ሰው የሚይዝ የስምንት ቀን የቡድን ጉዞ አግኝታለች። ጎማ ያለው ሻንጣ አይፈቀድም። ሁሉም ቦርሳውን በጀርባው አዝሎ ከአሮጌው ከተማ ከስቶን ታውን ወደ ሰሜን፣ ከዚያ ወደ ምሥራቁ ዳርቻ ይዞራል። ጥያቄዋ አጭር ናት። ቦርሳ አዝሎ የመዞር ጣዕሙ እንደልብ መሆን ከሆነ፣ አስተባባሪ ሲያፏጭ እየተነሱ መሄድ ምኑ ላይ ነው ጉዞነቱ? ወይስ ባሕር አይታ ለማታውቅ ልጅ ቡድኑ ይሻላታል? መጨረሻ ላይ ዋና እንደማትችል ጨመረች። ይቺ ዓረፍተ ነገር በኋላ ብዙ አነጋግራለች።

ክሩ እስካሁን 43 መልስ አለው። ሁሉንም አልተርክም። ግማሹ ሰላምታና ሳቅ ነው።

1ኛው መልስ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ እህቴ እያለ ነው የሚጽፈው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከቡድን ጋር ሂጂ አላት። ምክንያቱ ወደቡ አካባቢ የሚከቡት አግባቢ ደላሎች ናቸው። የአገሬው ሰው ፓፓሲ ይላቸዋል፤ መዥገር ማለት ነው። ስሙ ሁሉን ይናገራል፤ አንዴ ከያዙ አይለቁም።

2ኛዋ በተቃራኒው ቆመች። ብቻዋን ሄዳ በዳላዳላ ደሴቱን ዞራዋለች። ዳላዳላ የእነሱ ታክሲ ነው፤ ከኋላው ጣሪያና አግዳሚ ወንበር የተሠራለት የጭነት መኪናም አለበት። ከከተማው 116 ቁጥርን የያዘ ሰሜን ጫፍ ኑንግዊ ይደርሳል። 309 ደግሞ ምሥራቅ ጃምቢያኒ ያወርዳል። ቦርሳው ጣሪያ ላይ ይወጣል። መውረድ ሲፈልጉ እንደኛ ወራጅ አለ አይባልም፤ ሹሻ ይባላል። የአንድ ቀን የቡድን መኪና ዋጋ ሳምንት ሙሉ በዳላዳላ ያዞራል ብላ ደመደመች።

3ኛው የወረቀት ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየክሩ አንድ አይጠፋም፤ አምላክ ዕድሜውን ያርዝመው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ዜጋ ሁሉ የደሴቱን መድን መግዛት ግዴታው መሆኑን ጻፈ። ለአዋቂ 44 ዶላር ነው። ሌላ አገር የገዙት መድን አይተካውም። ከኢትዮጵያ የሚነሳ ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ መያዝ አለበት። እነዚህ በቡድኑ ሂሳብ ውስጥ አሉ ወይስ የሉም ብላ እንድትጠይቅ መከራት። ጠየቀች። የሉም።

4ኛው ከሜሪላንድ ነው፤ በአሜሪካ ፓስፖርት ቪዛው 100 ዶላር መሆኑን ነገራት። 5ኛዋ ልጅቷ ያላት የአበሻ ፓስፖርት እንደሆነ በትሕትና አስታወሰችው። እሱም ለሌላ አንባቢ ይጠቅማል ብዬ ነው አለ። ቅር ሳይለው አልቀረም።

ክሩን ያዞረው 6ኛው ነው። ዳሬሰላም ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሠራ ሰው ነው። የሚያወራው ስለ ዝናብ ብቻ ነው። እዚያ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ማሲካ የሚሉት ከባድ ዝናብ አለ። የእኛ ፋሲካ ደግሞ ሁሌም እዚያው መሃል ይወድቃል። አዘጋጆች የፋሲካን ጉዞ የሚሸጡት እዚህ ሥራ ስለሚዘጋ እንጂ እዚያ ፀሐይ ስለሚወጣ አይደለም። አዲስ አበባ ክረምቱ ሲያጥለቀልቃት ግን ደሴቱ ደረቅና ነፋሻ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ኩሲ የተባለው የደቡብ ነፋስ ይነፍሳል። ስለዚህ ክረምት ላይ ሂጂ አላት።

7ኛው ላይ ራሷ ተመልሳ መጣች። እንዲህ ያለ ነገር አስቤም አላውቅ፣ እንግዲያው ነሐሴ ይሁን አለች።

8ኛው ሦስት ቃል ነው። ነሐሴ ፍልሰታ ነው፤ አለቀ።

ከ9 እስከ 13 ያለውን ስጽፍ አሁንም እየሳቅሁ ነው። 9ኛዋ ዓሣ በፍልሰታ ይበላል ወይ ብላ ጠየቀች። 10ኛው ጥያቄው ራሱ እንዴት ይነሳል ብሎ ተቆጣ። 11ኛው ዓሣውን እንኳ ተዉት፣ እዚያ ዋናው ምግብ ኦክቶፐስ ነው፣ ኦክቶፐስ ደግሞ ቅርፊት የለውም፣ ስለዚህ በጾምም በፍስክም አይሆንም ብሎ ብይን ሰጠ። 12ኛው ሙስሊም ወንድማችን ነው። በዚህ ጉዳይ እንደማይገባ ነገር ግን በጣም እየተዝናና እንደሆነ ጻፈ። ከሁሉም የጠቀመው ግን እሱ ነው። በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላ መሰል አደንጓሬ፣ ሩዝ፣ ካሳቫና ጫፓቲ በየመንደሩ አለ፤ ሥጋም ቅቤም የለበትም። የጾም በያይነት ያለ እንጀራ በሉት። 13ኛው ወደ ርዕሱ እንመለስ የሚል ነበር። ማንም አልሰማውም፤ 11ኛው ሰውዬ እስከ መጨረሻው ከኦክቶፐሱ አልወረደም።

14ኛው ላይ አንድ አስተባባሪ ብቅ አለ። የልጅቷ አስተባባሪ አይደለም፤ በዚሁ ሥራ ያለ ሰው ነው። አነጋገሩ ጥሩ ነበር። ሰው የሚከፍለው ለመኪናና ለአልጋ ብቻ አይደለም አለ። ሆዷ የታመመችን ልጅ ሌሊት ሐኪም ዘንድ የሚወስድ፣ ዋና ለማትችል ጃኬት መኖሩን ጀልባው ሳይነሳ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ልክ ነው፤ ይህን ማንም አልካደውም። የ44 ዶላሩን ነገር ግን ሁለት ጊዜ ተጠይቆ ሁለቴም አልፎታል።

15ኛዋ ጨዋነት ጨርሳ ነው የመጣች። በሌላ ድርጅት ሄዳ የተቃጠለች ናት። ስምንት ቀን ከፍዬ ሦስቱን የበላው ጥበቃ ነው አለች። ሁለት ልጆች ፀጉር ሲያስተካክሉ አሥር ሰው መኪና ውስጥ ይቀቀላል። ጆዛኒ ጫካ ደርሰው የቆዩት ሃያ ደቂቃ ነው። የጆዛኒ ቀይ ጉሬዛ ከዛንዚባር ሌላ በዓለም የትም የለም። እሷ ያየችው ጭራውን ነው። 14ኛውን አስተባባሪ አንተ እያለች ነበር የምትጽፍለት፤ እሱ ግን እስከ መጨረሻው እርስዎ አላት። ይህም አናደዳት።

16ኛዋ ነገሩን በሳቅ አበረደችው። የእሷ ቡድን ግማሹ ከአዲስ አበባ፣ ግማሹ ከአሜሪካ የመጣ ነበር። የአገሬው አስጎብኚ ማታ በእንግሊዝኛ የነገ መነሻ ስምንት ሰዓት ነው ብሎ ሄደ። ከአሜሪካ የመጡት ጠዋት ተዘጋጅተው ቆሙ። ከአዲስ አበባ የመጡት ስምንት ሰዓት ሲሰሙ ከምሳ በኋላ መስሏቸው ተኝተዋል። ጀልባው ሄደ፤ ጠብ ሆነ። በኋላ አስጎብኚው ነገሩ ሲገባው ራሱን ያዘ። ስዋሂሊ ተናጋሪ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛው ነው። ጠዋት እኛ ሁለት ሰዓት የምንለውን እሱም ሳ ምቢሊ ይለዋል፤ ሁለት ማለት ነው። ለፈረንጅ ብሎ ባይለውጠው ኖሮ ሁሉም ይግባባ ነበር።

17ኛው የእኔ ነው። ስለ ቡድን ሳይሆን ስለ ውሃ ነው የጻፍኩት። ምክንያቱም ዋና አልችልም ያለችው ነገር አላስተኛኝም።

እኔም በቡድን ነው የሄድኩት። ጃምቢያኒ የደረስንበት ቀን የጉዞ ወረቀታችን ላይ ጠዋት 4 ሰዓት፣ ዋና ይላል። ሁሉም ለዋና ተዘጋጅቶ ወረደ። ባሕሩ የለም። በእውነት የለም። ውሃው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሸሽቶ ማዕበሉ ከሩቅ ነጭ ክር መስሎ ይታያል። በመሃል አሸዋ፣ ኩሬና በገመድ የተያያዙ አጫጭር እንጨቶች አሉ። የባሕር አረም እርሻ ነው። ሴቶቹ ጎንበስ ብለው ያስራሉ፣ ይነቅላሉ። አረሙ ደርቆ ወደ ውጭ ይላካል፤ ከእሱ የሚወጣው ማወፈሪያ የጥርስ ሳሙናና አይስክሬም ውስጥ ይገባል። እኔና አንድ ጓደኛዬ እስከ ማዕበሉ እንሂድ አልን። ቦርሳችንን የምንተውለት ሰው ስላልነበረ አዝለነው ሄድን።

መሄዱ ቀላል ነበር። ዞር ስንል ግን ከእኛና ከባሕሩ ዳርቻ መካከል ውሃ ገብቷል። ከፊት እየመጣ መስሎን ነበር፤ እሱ በየዝቅታው ዞሮ በኋላችን ሞልቷል። ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ከዚያ ወገብ። ጓደኛዬ ቀጥ ብሎ ወደ ዳርቻው ሊሄድ ሲል አንዲት እናት ጮኹብን። የአረም ጆንያ በራሳቸው ተሸክመዋል። በእጃቸው ጠሩን። እሳቸው ቀጥ ብለው አልሄዱም፤ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ታጥፈው እንደ ጎርፍ ማሻገሪያ ከፍ ባለው አሸዋ ላይ ብቻ ረገጡ። በእግራቸው ዳና ተከተልን። ስልኬን በእጄ ከፍ አድርጌያለሁ። ፓስፖርቴ ግን ቦርሳው ሥር ነበር። ማታ እያንዳንዱን ገጽ በሆቴሉ ማራገቢያ አደረቅን። የመግቢያ ማህተሙ ዛሬም ሰማያዊ ደመና ነው የሚመስለው።

ልጅቷን ያልኳት ይህን ነው። ቡድንም ይሁን ብቻ፣ ባሕሩ መቼ እንደሚሄድና መቼ እንደሚመለስ የጉዞ ወረቀት የጻፈው ሰው አያውቅም። ስለዚህ ስትከፍይ ስለ አልጋው ሳይሆን ሰዓቱን ማን እንደሚወስን ጠይቂ። ዋና ካልቻልሽ ደግሞ ውሃው ብዙም የማይሸሽበትን ሰሜኑን፣ ኑንግዊን ምረጪ። በደረትሽ ልክ ገብተሽ መቆም ትችያለሽ።

18ኛው አረመኝ። ባሕሩ ጠዋት ጠዋት ይሄዳል ብዬ ጽፌ ነበር። ስህተት ነው። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል፤ ዛሬ ጠዋት የሄደ በሳምንቱ ከሰዓት ይሄዳል። ከሁሉ የሚርቀው ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ነው። ያን ጊዜ በከፍታውና በዝቅታው መካከል እስከ 4 ሜትር ልዩነት አለ። ስለዚህ ቀን ስትመርጪ ጨረቃዋን እይ፣ ከዚያ የጀልባ ሰዎችን ጠይቂ አላት። ትክክል ነው። አመሰገንኩት።

ከ19 እስከ 23 የቦርሳ ወሬ ነው። አንዱ ጋቢ ያዢ አላት። ሞቃት ደሴት ጋቢ! ሕዝቡ ሳቀበት። 21ኛዋ ግን ከፊሉን ደገፈችው፤ ጋቢ ሳይሆን ነጠላ። ነጠላ ባሕር ዳር አንሶላ፣ መኪና ውስጥ መጋረጃ፣ ስቶን ታውን ውስጥ ደግሞ ትከሻ መሸፈኛ ነው። ሕዝቡ አብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ ከተማ ውስጥ በዋና ልብስ መዞር ነውር ነው። 22ኛው እዚያው ካንጋ ግዢ አለ። ካንጋ ጠርዙ ላይ አባባል የታተመበት ጨርቅ ነው። ሴቶቹ ለጎረቤት በአፍ የማይሉትን በካንጋ ለብሰው ያልፋሉ ይባላል። ልብስ ለብሶ መሳደብ፤ ቅኔ ነው እንጂ ምን ይባላል።

24ኛዋን ሁለቴ አነበብኳት። ኦማን፣ መስካት ውስጥ ሰው ቤት የምትሠራ እህት ናት። ዛንዚባርን ረግጣ አታውቅም። የቤቱ አያት ግን የተወለዱት ስቶን ታውን ነው። ደሴቱን ለረጅም ጊዜ የገዙት የኦማን ሱልጣኖች ነበሩ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በጥር 1964 አብዮቱ ሲነሳ ብዙ ሰው ሞተ፣ ብዙ ሰው ተሰደደ። አያቲቱም ያን ጊዜ በልጅነታቸው ወጡ። እስካሁን ሩዙ ላይ ቅርንፉድና ኮኮናት ካልገባ አይበሉም። ከእህታቸው ጋር የሚያወሩት በስዋሂሊ ነው።

ሥራ በጀመረች ሳምንት አያቲቱ ሻይ ሳ ሞጃ ላይ አምጪልኝ ብለው አንድ ጣታቸውን አነሱ። የልጃቸው ሚስት ይቺ ልጅ ግራ ይገባታል ብላ ልታስረዳ ተነሳች። እሷ ግን ገብቷታል። ሞጃ አንድ ነው፤ አንድ ሰዓት ላይ ሻዩን ይዛ ቀረበች። የግድግዳው ሰዓት ሰባት ይላል። በቤቱ ውስጥ ያን ሰዓት እንደዚያ የሚያነቡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሮጊቷ ማንንም ሰዓት አይጠይቁም፤ እሷን ነው የሚጠሩ። 24ኛዋ፣ ዛንዚባር ከሄድሽ ለአያቴ አንድ ፍሬ ቅርንፉድ ከዛፉ ለቅመሽ ያዢልኝ ብላ ጨረሰች። ኦማናዊቷን አያቴ ነው ያለቻቸው።

ከዚያ በኋላ 25ኛው ለምን እንዲህ ተመሳሰልን ብሎ ጠየቀ። 26ኛው ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በተመሳሳይ ሰዓት ገደማ ስለምትወጣ ቀኑን ከፀሐይ መውጣት መቁጠር ያዋጣል አለ። 27ኛው ቃላት ዘረዘረ። ባሕር ባሃሪ ነው፣ ስኳር ሱካሪ፣ ሰባት ሳባ። ይህ ከዓረብኛ ነው፣ አይ ከግዕዝ ነው በሚል ሁለት ሰዎች እስከ 29 ድረስ ተላልጠዋል። እዚያ አልገባም።

30ኛው ደቡብ ኪዚምካዚ መንደር ላይ ከዶልፊን ጋር ዋኘሁ ብሎ ፎቶ ለጠፈ። 31ኛዋ ተነሳችበት። ስምንት ጀልባ አንድ መንጋ ከብቦ እየተሯሯጠ ሰው እላያቸው ላይ መዝለሉ መዋኘት አይደለም፣ ማሳደድ ነው አለችው። ሐሳቧ ትክክል ነው፤ አፏ ግን መርዝ ነበር። ሰውየው ፎቶውን አነሳው። 32ኛው ነገሩን ለማለዘብ እዚያው ኪዚምካዚ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1107 የተቀረጸ ጽሑፍ ያለው መስጊድ መኖሩን ጠቀሰ። ማንም አልመለሰለትም፤ እኔ ግን መዝግቤዋለሁ።

33ኛው ሁሉም ጋሼ የሚላቸው ሰው ናቸው። የስቶን ታውን የባሪያ ገበያ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1873 ተዘግቶ በቦታው ላይ ካቴድራል ተሠርቷል። ከጎኑ በጉድጓድ ውስጥ አንገታቸው በሰንሰለት የታሰረ የድንጋይ ሐውልቶች ቆመዋል። እዚያ ቆማችሁ ጥርሳችሁን እያሳያችሁ ፎቶ አትነሱ ብለው ለመኑ። በሱልጣኖቹ ቤተ መንግሥት ከሐበሻ ምድር የተወሰዱ ሴቶች እንደነበሩ አስታወሱ። ክሩ ለአንድ ቀን ተኩል ጸጥ አለ።

ጸጥታውን የሰበረው ቡና ነው፤ ሌላ ምን ይሰብረዋል? 34ኛው ስቶን ታውን ውስጥ ባለው በጆውስ ኮርነር አደባባይ በናስ ጀበና እየተቀዳ የሚሸጠውን መራራ ቡና በስኒ ጠጥቶ ከእኛ በረካ አይበልጥም ብሎ ፈረደ። 35ኛዋ ከኦቾሎኒ ካሻታ ጋር ካልጠጣኸው አልጠጣህም አለችው። 36 እና 37 የፎሮዳኒ የማታ ገበያ ናቸው። ዓይንሽ እያየ የተጠበሰውን ብቻ ብዪ፣ ከጠዋት ጀምሮ በእንጨት ተሰክቶ የቆመውን ተዪ ይላሉ። 37ኛው ይህን የተማረው ሆቴል ውስጥ ሁለት ቀን ተኝቶ ነው።

ከወራት በኋላ 38ኛው ላይ የክሩ ባለቤት፣ ልጅቷ ራሷ፣ ተመለሰች። የሄደችው ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ በነሐሴ መጨረሻ ነው። ከአስተባባሪው ጋር ተከራክራ አምስቱን ቀን ብቻ ከፈለች። ከዚያ ከሁለት ልጆች ጋር ተገንጥላ ሦስቱን ቀን በዳላዳላ ዞረች። ቦርሳዋ ዘጠኝ ኪሎ ነበር። ነጠላው የሁለት ኪሎ ዕቃ ሥራ ሠርቷል። ቡድኑን አላማችም፤ በሁለተኛው ቀን ፀሐይ አቃጥሏት ስትንቀጠቀጥ ያደሩላት ከቡድኑ ያገኘቻቸው ሴት ናቸው። 309 ላይ ግን መውረጃዋ ሲያልፍባት ሹሻ የሚለው ቃል ከአፏ ጠፋ። ወራጅ አለ! ብላ ጮኸች። መኪናው ቆመ። ረዳቱ ቦርሳዋን ከጣሪያ እያወረደ ምን እንዳለች ጠየቃት፤ ደግማ አለችለት፤ እሱም መኪናው ሲነሳ ወራጅ ወራጅ እያለ ሄደ።

ዋና አልቻለችም አሁንም። በደረቷ ልክ ገብታ ቆማለች። የቅርንፉዱን ነገርም አልረሳችም። በቅመም እርሻው ጉብኝት አንድ ዘለላ ተሰጥቷት በመጽሐፍ መካከል አድርቃዋለች። ወደ መስካት የሚሄድ ሰው ካለ ብላ ጠየቀች። 40ኛው በሚቀጥለው ወር እሄዳለሁ አላት።

41 እና 42 እንኳን ደህና መጣሽ ናቸው።

43ኛው የ11ኛው ሰውዬ ነው። ፍልሰታው መፈታቱን እንደሚያውቅ፣ ይሁንና የተዞረው ሳምንት ረቡዕና ዓርብም እንደነበረው ጻፈ። ከዚያ ኦክቶፐሱን በላሽው ወይስ አልበላሽውም ብሎ ጠየቃት። ልጅቷ ዛሬ ጠዋት ገብታ ነበር። አልመለሰችለትም።